ለምን አንዷ ቋንቋውን ትለምዳለች፣ ሌላው በ«ሰላም» እና በ«አመሰግናለሁ» ይቀራል?

ሁለት ተማሪዎች በአንድ አውሮፕላን ሄደው አንድ ዶርም ገቡ እንበል። ማስተርሳቸውን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። የአገሩ ቋንቋ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ከመሄዳቸው በፊት «ቋንቋውንማ በስድስት ወር እለምደዋለሁ» ብለው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አንደኛዋ ከቤት አከራይዋ ጋር በስልክ ትከራከራለች። ሌላው ደብዳቤ በመጣለት ቁጥር ፎቶ አንስቶ ለሚያነብለት ሰው ይልካል። ጭንቅላት ስላነሰው አይደለም። ሰነፍም አይደለም፤ እንዲያውም በትምህርት ውጤት የሚበልጣት እሱ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «እሷ ተሰጥኦ አላት» ወይም «እሱ ፍላጎት የለውም» የሚል ነው። ሁለተኛው ወደ እውነቱ ይጠጋል። ግን ፍላጎት ሰው ከቤቱ በሻንጣ ይዞት የሚሄድ ዕቃ አይደለም። ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ሳያውቀው ይጠፋል። እኔ ደግሞ አጥብቄ የማምንበት አንድ ነገር አለ፦ ፍላጎቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፣ ግማሹ በአገሬው ሰው እጅ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከአገሩ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ዛሬ በዓለም ላይ ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሚሄድበትን አገር ቋንቋ ሳያውቅ የሚሄደው ብዙ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጣጣ አይደለም።

መጀመሪያ የታወቀውን ነገር እንየው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሮበርት ጋርድነር እና ዋላስ ላምበርት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ጥናት ሠሩ። ፈረንሳይኛ የሚማሩ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን «ለምን ትማራላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልሱን በሁለት ከፈሉት። አንዱ ጥቅም ነው፤ ሥራ፣ ዕድገት፣ ፈተና። ሌላው መቀላቀል ነው፤ ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር መግባባት፣ መወዳጀት፣ ከእነሱ እንደ አንዱ መሆን። በዚያ ጥናት የመቀላቀል ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አሳዩ።

ይህ ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ገዥ ሆኖ ቆየ። ሰዉም ወደደው፣ ምክንያቱም ደስ ይላል፤ ሕዝቡን የወደደ ቋንቋውን ያውቃል እንደማለት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ያስሚን ሉክማኒ የተባለች ተመራማሪ ቦምቤይ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማሩ፣ ማራቲ ተናጋሪ ተማሪዎችን ስታጠና ሌላ ነገር አገኘች። እነዚህን ልጆች ይበልጥ የሚገፋቸው ጥቅሙ ነበር። እንግሊዛዊ መምሰል አላማራቸውም። እንግሊዝኛውን የፈለጉት በገዛ አገራቸው የተሻለ ቦታ ለመድረስ ነበር። ያም ሆኖ ጎበዞች ነበሩ።

ስለዚህ «ለጥቅም ብሎ የሚማር አይማርም» የሚለው ትክክል አይደለም። ማንም ሰው ለእንጀራው ብሎ ቋንቋ በመማሩ ሊያፍር አይገባም።

ጥቅሙ ደግሞ ቀላል አይደለም። ጀርመንን ውሰዱ። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የውጭ ተማሪ ለትምህርቱ የሚመጥን ሥራ እስከ 18 ወር ድረስ እንዲፈልግ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠዋል። በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ቆጠራው የሚጀመርበት ያኔ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎቹን ሲከፍት አብዛኞቹ ጀርመንኛ የሚጠይቁ ሆነው ያገኛቸዋል። ዜግነት ቢፈልግ ደግሞ በመደበኛው መንገድ ቢ1 የሚባለውን ደረጃ ማሳየት አለበት። (የአውሮፓው መለኪያ ከኤ1 ይጀምርና ሲ2 ላይ ያበቃል፤ ቢ1 መሐል ላይ ነው፣ የዕለት ኑሮውን ራሱን ችሎ የሚመራ ሰው ደረጃ ነው ማለት ይቻላል።) ጃፓን ውስጥ የውጭ ተማሪ ፈቃድ ካወጣ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል። ቋንቋውን ያልያዘ ሰው ግን የሚያገኘው ሥራ ዕቃ ማጠብና ሳጥን መደርደር ነው። ትንሽ የያዘው ካሸር ላይ ይቆማል። ሲመረቅ ደግሞ ብዙ ቀጣሪዎች ኤን2 የሚባለውን የፈተና ደረጃ ይጠይቃሉ፤ ፈተናው ከኤን5 ወደ ኤን1 ነው የሚወጣው፣ ኤን2 ከላይ ሁለተኛው ነው።

ከሁሉ ግን እኔን የሚመስጠኝ የሕክምና ተማሪዎች ነገር ነው። ቻይና ውስጥ ሕክምናን በእንግሊዝኛ የሚማሩ የውጭ ተማሪዎች አሉ። መጀመሪያ ላይ መጽሐፉም መምህሩም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ሆስፒታል ይገባሉ። አልጋው ላይ የተኙት አዛውንት እንግሊዝኛ አያውቁም። «የት ጋ ነው የሚያመዎት?» ማለት አለ። መልሱን መስማት ደግሞ አለ፤ እሱ ይብሳል። መጠየቁን ሸምድዶ መግባት ይቻላል፣ ታማሚው የሚመልሱትን ግን ማንም ቀድሞ ሊሸመድድ አይችልም፤ በዚያ ላይ ሰው ሲያመው ቀስ ብሎና አጥርቶ አይናገርም። ለሦስት ዓመት «ቻይንኛ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ሲል የነበረ ተማሪ በአንድ ጠዋት ሐሳቡን የሚለውጠው እዚህ አልጋ አጠገብ ነው።

የጥቅም ፍላጎት ችግሩ ሌላ ነው። ማቆሚያ አለው። ፈተናው ሲያልፍ፣ ወረቀቱ ሲገኝ፣ ያበቃል። ለቢ1 ሌት ተቀን ያነበበ ሰው ሰርተፍኬቱን በተቀበለ በዓመቱ ደብዳቤ መጻፍ ሲያቅተው የምናየው ለዚህ ነው። ቋንቋው ወረቀቱን ማግኛ መሣሪያ ነበር፤ ወረቀቱ ሲገኝ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ሌላው ዓይነት ፍላጎት እንዴት እንደሚወለድ ለማየት እስቲ አንዲት የሻይ ክፍል ውስጥ እንግባ። ላብራቶሪው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አራት የአገሬው ተማሪዎች ቁጭ ብለው ያወራሉ። አንዱ የሆነ ነገር ይላል፣ ሁሉም ይስቃሉ። የውጭ አገሯ ተማሪ ስኒዋን ይዛ ትገባለች። ወሬው ይቆማል። በጨዋነት ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ።

«እንዴት ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። እናንተስ?»

«ደህና።»

ከዚያ ዝም። ሁሉም ስኒ ስኒውን ያያል። አንዱ ስልኩን ያወጣል። እሷ ሻይዋን ቀድታ ትወጣለች፤ በሩ ሲዘጋ ሳቁ ከኋላዋ ይቀጥላል። ማንም አልበደላትም። እንዲያውም አክብረዋታል። ግን ያን ዕለት ማታ መጽሐፉን የሚያስከፍታት ደሞዝም ቪዛም አይደለም። ምን እንዳሳቃቸው ማወቅ ነው የፈለገችው።

ይህ ፍላጎት ሰርተፍኬት የለውም። ማቆሚያም የለውም። ሰውን ሩቅ የሚወስደው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብቻውን ግን ሥራ የበዛበትን ተማሪ ከአልጋው ላይ አያስነሳውም። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የሚሄዱት። ጥቅሙ ያስጀምራል፣ ሰዉ ያስቀጥላል።

እዚህ ላይ ዞልታን ዶርኒዬ የተባለው ሃንጋሪያዊ ምሁር ያመጣው ሐሳብ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ነው። እሱ እንደሚለው ሰውን የሚገፋው በአብዛኛው በሐሳቡ የሚያየው የነገ ራሱ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው «ልሆን የምመኘው እኔ» ነው፤ ያን ቋንቋ እየተናገርኩ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ ከጎረቤት ጋር እየተጫወትኩ፣ እየቀለድኩ ይታየኛል። ሁለተኛው «ልሆን የሚገባኝ እኔ» ነው፤ ስኮላርሺፑ ይጠይቃል፣ አማካሪዬ ይጠብቃል፣ ቤተሰብ «ሁለት ዓመት ተቀምጠህ ቋንቋውን አላወቅህም?» ይላል። ሦስተኛ ነገርም አለ፤ የትምህርቱ ሁኔታ ራሱ። ክፍሉ፣ መምህሯ፣ አብረው የሚማሩት ልጆች።

በዚህ ሐሳብ ስናየው ብዙ ነገር ይገለጣል። የመጀመሪያዋን ተማሪ እና የሁለተኛውን ተማሪ አስታውሱ። ሁለቱም «እማራለሁ» ብለዋል። ግን እሷ ከሦስት ዓመት በኋላ ያለችው እሷ እዚያው አገር ስትሠራ ትታያታለች። እሱ ደግሞ ዲግሪውን ይዞ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ነው የሚያስበው። በሐሳቡ ያለው የነገው ሰው ያን ቋንቋ አይናገርም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ኮርስ ለመሄድ ሲነሳ የሚጎትተው ነገር የለም። ሰነፍ ብለን መፍረድ እንወዳለን፤ እሱ ግን ያለችውን ጥቂት ሰዓት የሚጠቅመው ቦታ ላይ አውሏታል።

«ልሆን የሚገባኝ እኔ» ደካማ ነው የሚሉ አሉ። ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ግዴታ መንገድ ይከፍታል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለምሳሌ ቱርክኛ ለማያውቁ ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ሙሉ የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይሰጣል። ሩሲያም ውስጥ የውጭ ተማሪ ወደ ዋናው ትምህርት ከመግባቱ በፊት የዝግጅት ዓመት መማሩ የቆየ አሠራር ነው። በዚያ ዓመት ተማሪው ሌላ ትምህርት አይሻማውም፣ አብረውት ያሉት ሁሉ እንደሱ ይንተባተባሉ፣ ማንም ማንንም አይንቅም። «እንዴት ጀመርከው?» ብትሉት «ተገድጄ» ይላል። «አሁንስ?» ካላችሁት ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። በግድ የተጀመረ ነገር በፍቅር ሊቀጥል ይችላል፣ በመሐል አንድ ነገር ከተከሰተ። ያ ነገር «ቻልኩ» ማለት ነው።

ይህን ረጋ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያስበው። ፍላጎት ይመጣና ሰው ይማራል ብለን እናስባለን። ተገላቢጦሹም እኩል እውነት ነው፤ ሰው ትንሽ ይችልና ፍላጎት ይመጣል። ፋርማሲ ገብተህ የፈለግኸውን ጠይቀህ፣ ሰውየው ሳይደነግጥ፣ «ምን?» ሳይልህ መድኃኒቱን ሲሰጥህ፣ ያቺ ግማሽ ደቂቃ ከአንድ ወር የክፍል ትምህርት በላይ ትገፋሃለች። ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራን ስለ ሰው ተነሳሽነት ሲያስረዱ ሦስት ነገር ይጠቅሳሉ፦ በራስ ፈቃድ መሆኑ፣ እችላለሁ የሚል ስሜት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። ሦስቱም የተሟሉለት ሰው ማንም ሳይገፋው ይሄዳል። አንዱ ሲጎድል መንገዱ ይከብዳል።

ችሎታው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ይህን ማንም አይነግረንም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሠልጣኝ በስፓኒሽ ሥራውን ለመሥራት ከ600 እስከ 750 የሚደርስ የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል ይላል። ለጃፓንኛ፣ ለቻይንኛ፣ ለኮሪያኛ እና ለዓረብኛ ግን ወደ 2200 ሰዓት ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች ደሞዝ እየተከፈላቸው፣ ሥራቸው መማር ብቻ ሆኖ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ በሳምንት አራት ሰዓት ኮርስ ቢወስድ በዓመት ስንት ሰዓት ያገኛል? ለ30 ሳምንት ቢማር 120 ሰዓት። አሁን «አንድ ዓመት ተምሬ ምንም አልገባኝም፣ ለቋንቋ አልተፈጠርኩም» የሚለውን ልጅ አስቡት። ምንም ችግር የለበትም። ሒሳቡን ነው ያልነገሩት። «በስድስት ወር እለምደዋለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው በሰባተኛው ወር ያዝናል፣ ያዘነ ሰው ደግሞ መጽሐፍ አይከፍትም።

አሁን ወደ ቀጠርኳችሁ ነገር ልመለስ፤ ግማሹ በአገሬው ሰው እጅ ነው ወዳልኩት።

ኔዘርላንድስ ወይም ስዊድን የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። በስንት ጭንቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ገጣጥመህ፣ በልብህ ደጋግመህ፣ ትናገራለህ። ሰውየው ፈገግ ብሎ በጥሩ እንግሊዝኛ ይመልስልሃል። ሊረዳህ ነው። ልቡ ንጹሕ ነው። አንተ ግን የሰማኸው ሌላ ነው፦ «ያንተ አይሆንም፣ ተወው።» አሥር ጊዜ እንዲህ ከሆነ በአሥራ አንደኛው ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ትጀምራለህ። ፍላጎቱ ሞተ ማለት እንዲህ ነው። ማንም ሳይገድለው።

ከዚህ የከፋም አለ። በንግግሩ የተሳቀበት፣ ወይም ሰው ትዕግሥት አጥቶ ፊቱን ያዞረበት ተማሪ አለ። በመልኩ የተነሳ ገና አፉን ሳይከፍት «አይችልም» የተባለም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ፍላጎት የለህም» ማለት ግፍ ነው።

ቦኒ ኖርተን የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ1995 ያነሳችው ይህን ነው። ያጠናችው ተማሪዎችን ሳይሆን ወደ ካናዳ የተሰደዱ አምስት ሴቶችን ነበር፤ ሐሳቡ ግን ለተማሪም በልኩ የተሰፋ ነው። «ፍላጎት አለው ወይስ የለውም?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም አለች። ሰው ቋንቋ ላይ ጊዜውንና ጉልበቱን የሚያፈሰው እንደ ኢንቨስትመንት ነው፤ የሚመለስለት ነገር ሲኖር፣ የሚናገርበት ቦታ ሲሰጠው፣ የሚሰማው ሲያገኝ። ከሴቶቹ አንዷ በእንግሊዝኛዋ የምታፍር ነበረች። ስለ ኪራይ ጉዳይ ከአከራይዋ ጋር ግን በስልክ ረጅም ሰዓት ተከራከረች። ስልኩን እንድትይዝ ያደረጋት የልጆቿ እናት መሆኗ ነው። እናት ሆና ስትናገር ስደተኛ ሆና ስትናገር የሚያንቃት ነገር አልያዛትም።

ይህ ነገር እኔን በጣም ይነካኛል። ሰው በሌላ ቋንቋ ሲናገር ያንሳል። በአገሩ ቀልደኛ የነበረው ዝምተኛ ይሆናል፣ በአገሩ አስተማሪ የነበረችው እንደ ሕፃን ትናገራለች። ያን ማነስ ለመሸከም የሚያስችል አንድ ቦታ ያስፈልጋል፤ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ መዘምራን፣ ወጥ ቤት፣ የጋራ ፕሮጀክት። እዚያ «ቋንቋ ተማሪ» አይደለህም። ተከላካይ ነህ፣ ወይም ሽንኩርት የምትከትፈው ልጅ ነህ። ቋንቋው በጎን ይገባል።

ዩኒቨርሲቲዎች እዚህ ላይ ብዙ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም ያደርጋሉ። ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። ነፃ የቋንቋ ኮርስ ይከፈታል፤ ሰዓቱ ከላብራቶሪ ሰዓት ጋር ይጋጫል። ክሬዲት የለውም። በመካከለኛው ደረጃ ያበቃል፤ ተማሪው ገና መናገር ሲጀምር ክፍሉ ይዘጋል። ከዚያ ተማሪዎቹን ሁሉ በአንድ የውጭ ዜጎች ዶርም ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፣ እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ያወራሉ፣ አገሬውን በመስኮት ነው የሚያዩት። ከዚያ «ለምን አይቀላቀሉም?» ይባላል። የዶርም ክፍሉን ከአገሬው ልጅ ጋር ማድረግ ብቻ ስንቱን ይለውጥ ነበር።

ተማሪ ለሆናችሁ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ምክንያቱም በእጃችሁ ያለው እሱ ነው። ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞርባችሁ አትዘኑ፣ ጠይቁ። «እባክህ በእናንተ ቋንቋ ቀጥል፣ ቀስ በልልኝ እንጂ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በፊት ሸምድዱ፣ ከቁጥርና ከቀለም ስሞች በፊት። ብዙው ሰው ሲጠየቅ እሺ ይላል፤ ቀድሞም እንዲህ ያደረገው ልርዳው ብሎ ነው። ሙሉ ቀን አትጠይቁት። በምሳ ሰዓት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ አሥር ደቂቃ ሁለታችሁንም አይሰለችም።

የሻይ ክፍሏ ተማሪም ያደረገችው ይህንኑ ነው። «በእናንተው ቀጥሉ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ» አለቻቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ቃል አንድ ይገባት ነበር። ተቀመጠች። በሁለተኛው ሳምንት ስሞችን መለየት ጀመረች፣ ማን ማንን እንደሚያማ። በሦስተኛው ሳምንት ያ ሁሉ ሳቅ ስለ ምን እንደነበር ገባት፤ ስለ ፕሪንተሩ ነበር። ኮሪደር ላይ ያለው ፕሪንተር ወረቀት እየጎረሰ አልለቅም ይላል። የእሷንም ትናንት ጎርሶባታል። ይህን ለመናገር የሚያስፈልጋት አራት ቃል ነበር። ሦስቱን ታውቃቸዋለች። አራተኛውን በእጇ አሳየቻቸው።